የአባቴ ዶሮዎች ኮሶ የጠጡ ዕለት

እኔ ትዳሬን ያገኘሁት በዶሮ ወስፋት ነው። ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ ያፍራሉ፤ «እማማ፣ ሌላ ደህና ወሬ የለሽም?» ይሉኛል። የለኝም። ሌላው ሰው ሰርግ ቤት ተያይቶ፣ ወይም ውሃ ሲቀዳ ተገናኝቶ ይሆናል። የእኔ ግን እንዲህ ነው። ምግብ እየበላችሁ ከሆነ ጨርሱና አንብቡኝ።

ጊዜው ጣሊያን ደሴ ላይ የነበረበት ነው። ዘይነብ እባላለሁ፤ ያኔ ለትዳር የደረስኩ፣ ሳቄን መያዝ የማልችል ልጅ ነበርኩ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ከሰኞ ገበያ እምብዛም በማይርቅ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ሰይድ የኮሶ ነጋዴ ነው። ኮሶ፣ መተሬ፣ እንቆቆ፣ ብቻ የሆድ ትል ያወርዳል የተባለ ቅጠልና ፍሬ ሁሉ ከእሱ መደብ አይጠፋም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሆዱ ሲያስቸግረው ወደ አባቴ ይመጣል። አባቴም የሰውየውን ፊት አይቶ፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ በእጁ ዘግኖ ይሰጠዋል። ሚዛን የሚባል ነገር አያውቅም፤ እጄ ያውቃል ይላል።

ኮሶን በስም ብቻ የሚያውቅ ወጣት አንባቢ ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ኮሶ እንደ ዛሬ ክኒን በውሃ ውጠውት ወደ ሥራ የሚሄዱበት አልነበረም። ቀን ይቆረጥለታል። ማታ ሳይበሉ ይታደራል፣ ጠዋት ያ መራራ ነገር ይጠጣል፣ ከዚያ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው እስኪመሽ እንግዳ አይቀበልም። ደጅ የመጣ ሰውም «ዛሬ ኮሶ ተጠጥቷል» ከተባለ ሳይከፋው ይመለሳል። ታዲያ ይህን ያወቀ ሁሉ፣ ሰው ማየት ባልፈለገ ቀን ኮሶ ሳይጠጣ ጠጥቻለሁ ይል ነበር። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ሙሄን ያወቅሁት በአባቴ መደብ ላይ ነው። የደጋን ልጅ ነው። ጣሊያኖች ኮምቦልቻ ላይ የከብት ሐኪም ቤት ከፍተው ስለነበር እዚያ በሬ እየያዘ፣ በቅሎ እየጎተተ ይሠራል። መጀመሪያ የመጣው ለእናቱ ኮሶ ሊገዛ ነው። በሚቀጥለው ሰኞም ለእናቱ ኮሶ ሊገዛ መጣ። እንደገና ሲመጣ አባቴ ኮሶውን እየቋጠረለት፣ «ልጄ፣ እናትህ እስካሁን በሕይወት አሉ?» አለው። ያን ያህል ኮሶ የጠጣች ሴት ቆማ ልትሄድ አትችልማ። ሙሄ አፈረ፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ሳቅሁ፤ አባቴ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ በኋላ ስለ እናቱ ሆድ ያነሳ የለም።

አባቴ ልጁን አልጠላውም፤ የጠላው ሥራውን ነው። «ሸጋ ልጅ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ የጣሊያን እንጀራ ይበላል» ይላል። ሙሄ ደግሞ፣ «አባባ ሰይድ፣ እኔ የምይዘው የአገሬን በሬ ነው፤ በሬው ባንዳ አልሆነ» ብሎ ይመልስለታል። እኔ በመካከል ቆሜ ኮሶ እለቅማለሁ፤ ጆሮዬ ግን ከሙሄ አፍ አይነቀልም ነበር። ወድጄው ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ዶሮዎቹ የእኔ ነበሩ። ጥቁርና ቀይ ናቸው፤ ዘይቱም ሳሙናውም የሚመጣው በእነሱ እንቁላል ነው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ መክሳት ጀመሩ። ይበላሉ፣ ሥጋ አያነሱም። ራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ነጣ፣ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይዘው ይቆማሉ፣ እንቁላልም ቀረ። አንዷን ሳትሞትብን ብለን አረድናት። አንጀቷን ስከፍተው ነጭ ክር የተጠቀለለበት መሰለኝ፤ ሁሉም ወስፋት ነው። አባቴ በላዬ ቆሞ ያያል።

«ዘይነብ» አለኝ፣ «ይህ ነገር ከዚህ አጥር እንዳይወጣ።»

«ምኑ ነው የማይወጣው አባባ?»

«የኮሶ ነጋዴው የሰይድ ዶሮዎች በወስፋት አለቁ ከተባለ ማን ከእኔ ይገዛል? ሰኞ ገበያ መሳቂያ ነው የሚያደርገኝ። በይ ወላሂ በይ።»

ወላሂ አልኩ። ለማንም ላልናገር ማልኩ ማለት ነው።

ለሙሄ እኔ አልነገርኩትም፤ እሱ ራሱ ዓይን አለው። የገዛውን ሊቀበል ቤት ድረስ መጥቶ ግቢው ውስጥ ዶሮዎቹን አያቸው፤ ጎንበስ ብሎ ኩሳቸውን በእንጨት ገላለጠና ቀና አለ። በሚቀጥለው ሰኞ በወረቀት የተጠቀለለ ክኒንና አንዲት የእጅ ሚዛን ይዞ መጣ። የክኒኑ ሽታ ከበር ይሰማል።

አባቴ አፍንጫውን ያዘ። «ይህን መርዝ ነው ለዶሮዬ?»

«መድኃኒት ነው አባባ። የተመዘነ ከሆነ አይጎዳም።»

«ዶሮን እንደ በርበሬ ልትመዝናት?»

«አዎ። እርስዎስ ኮሶውን በምን ለክተው ሊሰጧት ነው?»

«በእጄ። ይህ እጅ ስንት የደሴ ሰው እንዳዳነ ታውቃለህ?»

«የደሴ ሰው ዶሮ አይደለማ አባባ። ደግሞ ኮሶ ለኮሶ ትል ነው፤ የእነዚህ ወስፋት ነው።»

«ኮሶ ሆድ ሲገባ የትሉን ስም አይጠይቅም» አለ አባቴ። «መተሬም እጨምርበታለሁ።»

ብዙ ተጨቃጨቁ። እኔ ከዶሮዎቹ ጋር ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ ከሁላችን ዶሮዎቹ ይሻሉ ነበር፣ ቢያንስ ዝም ብለዋል። በመጨረሻ ተስማሙ። ቀዮቹ የሙሄ ይሁኑ፣ ጥቁሮቹ የአባቴ። ሙሄ ያኔውኑ ቀዮቹን አንድ በአንድ መዝኖ፣ አፋቸውን ከፍቶ ክኒኑን አስዋጣቸው። አባቴ ግን እንዲህ ያለ ጥድፊያ አይወድም። ለኮሶ ቀን ይቆረጣል አለና ሐሙስን ቆረጠ።

አሁን የማታውቁትን ልንገራችሁ፤ እኔም ያኔ አላውቅም ነበር። ሙሄ ለአጎቱ ለጋሽ የሱፍ ነገሩን ተናግሮ ኖሯል። ጋሽ የሱፍ ሽማግሌ ይዞ እኔን ሊጠይቅ ሐሙስን መርጧል። ሐሙስ ገበያ ስለሌለ አባቴ ከቤት አይጠፋም ብሎ ነው። ጋሽ የሱፍ ደግሞ በኩራቱ ደጋንም ደሴም ያወቀው ሰው ነው፤ ከአንድ ደጅ ሁለቴ የሚመላለስ አይነት አይደለም። እዚያው ደጋን ለሙሄ ያያት ሌላ ልጅ ነበረችው፤ ለልጁ ልመና ብሎ ነው ወደ እኛ መምጣቱን እሺ ያለው።

ሐሙስ ጠዋት አባቴ ለጥቁሮቹ ደንቡን አንድም ሳያጎድል አደረገላቸው። ማታውን ጥሬ እንዳይበሉ ከልክሎ አሳድሯቸዋል። ጓዳ አስገባቸው፣ መስኮቷን በጨርቅ ጋረደ፣ እኔንም በእግር ጣትሽ ሂጂ አለኝ። ኮሶውን ወቅጦ በውሃ በጥብጦ ቢስሚላህ እያለ በማንኪያ ጋታቸው። ዶሮዎቹ መራራውን ሲቀምሱ ራሳቸውን ያራግፋሉ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው» ይላቸዋል። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነጠላዬን ነክሼ ወጣሁ።

«ሰው ቢመጣ ኮሶ ተጠጥቷል በይ» አለኝ ከኋላዬ። ሐሙስ ሐሙስ ቤት ድረስ የሚመጣ ኮሶ ፈላጊ ስለማይጠፋ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ውጭ «አሰላሙ ዐለይኩም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብቅ ብዬ ሳይ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ጥምጥማቸው ታጥቦ ነጥቷል፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። ከመካከላቸው ያለው ግንባሩና አገጩ ቁርጥ ሙሄ ነው። ሽማግሌ ደጅ ሲቆም ምን እንደሚፈልግ የማታውቅ ልጅ የለችም።

ለእነሱ ግን ምንም ማለት አልችልም። የምትጠየቅ ልጅ ለሽማግሌ አፏን አትከፍትም፤ ነውር ነው። በዚያ ላይ የዶሮዎቹን ነገር ለማንም ላልናገር ምያለሁ። ዞሬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አባቴ አንዷን ጥቁር ዶሮ ታቅፎ አንገቷን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዟል።

«አባባ፣ ደጅ ላይ...»

«ዝም በይ። ታስመልሰዋለች።»

«አባባ፣ የመጡት እኮ...»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ያን ጊዜ ሰላምታው ከደጅ ተደገመ። አባቴ የአላህን ሰላምታ ሳይመልስ አያልፍም። ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ገበያ ላይ በሚጣራበት በዚያ ድምፁ፣ «ወዓለይኩም ሰላም፤ ዛሬ ኮሶ ተጠጥቷል፤ አይመቸንም» ብሎ መለሰ። ድምፁ ጎረቤት ደረሰ።

ወደ አጥሩ ስመለስ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ኮሶ የጠጣ ሰው እንዲህ ይጮኻል?» አለ አንደኛው።

«አይጮኽም» አለ ጋሽ የሱፍ። ፊቱ ጠቁሯል። «የኮሶ ነጋዴ ሲሆን ደግሞ ሰበቡም ከመደቡ አይርቅም። ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው፤ ገብቶናል። ደጋን ሴት ልጅ አልጠፋም። ነገ ያችኛዋን እንጠይቃለን።»

ዞረው ወደ ፒያሳ ቁልቁል ሄዱ። እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። አፌ ውስጥ «ዶሮዎቹ ናቸው» የሚል ቃል አለ፤ መሐላዬ ይዞት አልወጣም።

ጓዳ ገብቼ ነገርኩት። ማን እንደነበሩ፣ ምን ሊጠይቁ እንደመጡ፣ ምን ብለው እንደሄዱ ነገርኩት። አባቴ ዶሮዋን እንደታቀፈ ቀረ።

«ምነው ቀድመሽ አትነግሪኝም?»

«ዝም በይ አላሉኝም?»

«ኧረ ይመለሳሉ። ሽማግሌ ይመላለሳል፣ ወጉ ነው።»

«ጋሽ የሱፍ አይመለስም አባባ። ነገ ሌላ ልጅ ይጠይቃሉ። ይሂዱና ይጥሯቸው።»

«ሄጄ ምን ልበላቸው? ኮሶ የጠጡት ዶሮዎቼ ናቸው ልበል? ወስፋት ይዟቸው ነው ልበል?»

ከዶሮዎቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አንድ ቃል ብቻ ወጣኝ፤ «እወደዋለሁ አባባ» አልኩት። ሴት ልጅ ለአባቷ እንዲህ አትልም። እኔ ግን አልኩ።

ያን ጊዜ አባቴ የታቀፋት ዶሮ ኮሶው ያዛትና እጁ ላይ ለቀቀችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አየ። «እይው፣ እይው፣ ወስፋቱ ወጣ። ያ ልጅ ኮሶ አይሠራም ሲል...» ብሎ ጀመረና ቀና አለ። ዓይኔን አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

ተነሳ። ጋቢውን ደረበ። ዶሮዋን በብብቱ ይዞ ወጣ። ነጠላዬን አንስቼ ከሩቅ ተከተልኩት።

ሐሙስ የገበያ ቀን ባይሆንም ሰኞ ገበያ ሰፈሩ ሰው አይጠፋውም። አባቴ በወዳጆቹ መደብ መካከል ግማሽ ሩጫ ይሄዳል። ዶሮዋ በየመንገዱ ኮሶዋን ጋቢው ላይ ታወርዳለች። «ሰይዴ፣ ዶሮ ሰርቀህ ነው?» ይላል አንዱ በርበሬ ነጋዴ። «ሰይዴ፣ ጋቢህን እይ» ይላል ሌላው። አባቴ ዶሮዋን ጠበቅ አድርጎ መንገዱን ቀጠለ።

ፒያሳ ስንደርስ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ካሚዮን ሞተሩ ተነስቷል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ከመኪናው ፊት ቆመ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ አባቴ አልተነቃነቀም። ሱቅ ያለው ሁሉ ወደ በሩ ወጣ።

«የሱፍ» አለ አባቴ፣ በዚያው የገበያ ድምፁ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ኮሶ የጠጣሁት እኔ አይደለሁም። የጠጣችው ይቺ ናት።» ዶሮዋን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ዶሮዎቼን ወስፋት ይዟቸዋል። የእኔን የኮሶ ነጋዴውን ዶሮዎች። ሰው እንዳያውቅብኝ ደብቄ ነበር፤ ይኸው አሁን ሁሉም አወቀው።»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ተነስቶ ፒያሳን ዞረ። በርበሬ ነጋዴው እየተከተለን መጥቶ ኖሮ ጉልበቱን ይዞ ይስቃል። አባቴ አንገቱን አልደፋም፤ ላቡ ብቻ በጆሮው ሥር ይወርዳል። እኔ ከሰው ጀርባ ሆኜ አየሁት። አባቴን የወደድኩት ሁልጊዜ ነው፤ የዚያን ዕለት ግን ሌላ ነው።

ጋሽ የሱፍ አልሳቀም። ከካሚዮኑ ቀስ ብሎ ወረደና ቀረበ። ዶሮዋን ከራሷ እስከ ጅራቷ መረመራት። እሷም ምስክርነቷን እግሩ ሥር ጣል አደረገች። ጋሽ የሱፍ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ፣ በከዘራው ጫፍ ነካ አድርጎ አየው።

«ሐቅ ነው» አለ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞሮ። «ጠጥታለች።»

ያኔ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁን ለመያዝ ጥምጥሙን ማስተካከል ጀመረ። «በል እንግዲህ ወደ ቤትህ ውሰደን» አለው።

አባቴ ግን አባቴ ነው። «አሁን አይሆንም» አለ።

«ምነው ደግሞ?»

«ኮሶ ተጠጥቶበታል። እስኪመሽ እንግዳ አይገባም፤ ደንብ ነው።»

ብታምኑም ባታምኑም ሽማግሌዎቹ ተቀበሉት። ካሚዮኑ ያለ እነሱ ሄደ። አባቴና እነሱ አጥራችን ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ከብት በሽታ እያወሩ፣ ዶሮዎቹ እስኪያገግሙ ጠበቁ። ፀሐይ ዘወር ስትል አባቴ ጓዳውን ከፈተ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነ፣ እንግዶቹንም ግቡ አለ። ለእነሱ ቀሪቦ ቀዳሁላቸው። እኔን የጠየቁኝና አባቴም እሺ ያለው ዶሮዎቹ በእግራቸው መካከል እየለቀሙ ነው።

ታዲያ ኮሶው ነው ወይስ ክኒኑ ያሸነፈው ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እስከ ዛሬ አልተፈረደም። ከጥቁሮቹ አንዷ በማግስቱ ሞተች። አባቴ «አጀሏ ደርሶ ነው» አለ፤ ሙሄ «አጀሏን የጠራው እጅዎ ነው» አለ። ከቀዮቹ አንዷም አልሞተች፤ ግን እንቁላል ቀድመው የጀመሩት ጥቁሮቹ ናቸው፤ አባቴም ይህን በሄደበት ሁሉ አወራ። በሚቀጥለው ክረምት ወስፋቱ በሁለቱም ላይ ተመለሰ። እነሱ ሲከራከሩ እኔ የዶሮ ቤቱን ከዚያ ከረጠበው ጥግ አንስቼ ደረቅ ቦታ ላይ አቆምኩት፣ አመድም በተንኩበት። ከዚያ ወዲህ ቀለል አለ፤ ሁለቱም ግን በየበኩላቸው የእኔ መድኃኒት ነው አሉ።

በሰርጋችን ዕለት ጥቁሩም ቀዩም አንድ ድስት ገባ። አባቴ የጣሊያን ክኒን የዋጠ ዶሮ አልበላም ብሎ ስለነበር ሥጋ ባነሳ ቁጥር «ይህ ጥቁሩ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወጥ ውስጥ የገባ ዶሮ ላባ የለውም። ሙሄ ቀና ብሎ፣ «ጥቁሩ ነው አባባ» ይለዋል፤ አባቴም ይጎርሳል።

ሰኞ ገበያ አባቴን «የዶሮው ሰይድ» ብሎ ሰየመው። አፍሮ መደቡን ይዘጋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ነገሩ ሌላ ሆነ፤ ዶሮዋ የከሳችባት ሁሉ እየመጣች ለዶሮ የሚሆን ኮሶ ትጠይቀው ጀመር። እሱም ዓይኑን ወዲያ ወዲህ አድርጎ፣ ሙሄ ትቶለት የሄደውን የእጅ ሚዛን ከጆንያው ሥር ያወጣል።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ አባት ልጁን እወዳለሁ ይላል፤ እውነቱንም ነው። ለልጁ ሲል ገንዘብ የሚሰጥ አለ፣ ጉልበት የሚሰጥ አለ። መሳቂያ ለመሆን፣ ያውም በገዛ ሙያው፣ በገዛ ገበያው፣ ዶሮ ታቅፎ የሚቆም ግን ብዙ አላየሁም። ልጆቼ ሲያገቡ የአማቾቼን ኩራት የቻልኩት፣ እኔም ስሳሳት ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት የማይከብደኝ፣ ያን ዕለት ከሰው ጀርባ ቆሜ ስላየሁት ነው።

ካገባሁ በኋላ አንድ ቀን ለአባቴ ሳልነግረው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መጣሁ። የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ የጠጣበት ዋንጫ አጠገቡ ነው። ልጅ ሳለሁ በእንዲህ ያለ ቀን ያ በር በመቀነት ታስሮ ይውል ነበር።

«አባባ፣ ኮሶ ጠጥተዋል እንዴ?»

«ጠጥቻለሁ።»

«ታዲያ በሩን ምነው አልዘጉት?»

«ማን እንደሚመጣ ምን አውቄ» አለኝ። «ግቢ።»